ሞገስና ያልሞቱት አቶ መኳንንት

እሑድ፣ ኦገስት 3

ዛሬ የሆነውን ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ሳቁ አሁንም ሆዴ ውስጥ ነው።

ሞገስ በሬዲዮአችን ባለፈው ሳምንት የተጋቡትን ልጆች ስም በየተራ ጠራ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገና ከልቡ፣ «ውድ ሙሽሮች፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። የለቅሶ ቤቱን! መስታወቱ ማዶ ሆኜ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ስልኩ ወዲያው ጮኸ። የሙሽራው አባት ናቸው። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቃቸው፣ «ልጁ ልክ ነው፤ እኔንም ሠላሳ ዓመት ያጸናኝ እሱ ነው» ብለው እየሳቁ ዘጉት።

ስለዚህ ሰው አንድ ቀን በደንብ እጽፋለሁ እል ነበር። ዛሬ ልጻፍ።

በሰባት ዓመቱ ከእናቱ ጋር በሱዳን በኩል መጥቶ እዚሁ ቤድፎርድ ከተማ አደገ። አሁን ሠላሳ ስምንት ደፍኗል። ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ኳስ ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት። ኮሌጅ ተጫወተ፤ ከዚያ በትንንሾቹ ሊጎች አራት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ዞረ፤ ትከሻው ሁለቴ ተቀድዶ ሁለቴ ተሰፍቶ አበቃለት። በሥራ ቀን ፍሪስኮ ከተማ ባለ ኢንሹራንስ ቢሮ ይሠራል። እሑድ ግን ከአንድ ፋርማሲ ጀርባ ባለችው ክፍላችን፣ በኢንተርኔት ሬዲዮአችን፣ ጨዋታውን በቴሌቪዥን እያየ በአማርኛ ይተርካል። እኔ ድምፁን እቆጣጠራለሁ፣ ማስታወቂያውን እጽፍለታለሁ፣ ሲሳሳት በጆሮው እነግረዋለሁ።

ቃላቱን ራሱ ነው ያወጣቸው። ፒቸሩ «ወርዋሪ»፣ ኳሱን በዱላ የሚመታው «መቺ»፣ ካቸሩ «ቀላቢ»፣ ሯጩ የሚደርስበት ቤዝ ደግሞ «ማረፊያ»። ሯጩ ሳይነካ ማረፊያው ላይ ሲደርስ፣ «በሰላም አረፈ!» ብሎ ይጮኻል። በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ሞገስ፣ ይሄ እኮ ሞተ ማለት ነው» ልለው ነበር። ሰው ግን ወደደው። በየነዳጅ ማደያው «በሰላም አረፈ!» እያሉ ይቀልዱበታል። ተውኩት።

የሚያስቀው ስህተቱ ነው፤ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ስንት እናት ናት ልጇ በሚጫወትበት ሜዳ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ ኤሲ ከፍታ ሁለት ሰዓት የምትቀመጥ? ጨዋታው አይገባትማ። ውባለም ስድስት ዓመት እንደዚያ ተቀምጣለች። አሁን ወንበሯን ይዛ አጥሩ ሥር ትቀመጣለች፤ ከዳኛው ጋር በአማርኛ ትጨቃጨቃለች። ይሄን ያደረገው ያ የተሰባበረ አማርኛው ነው።

እኔ አዲስ አበባ ሬዲዮ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ዜና አንብቤያለሁ። አንድ ቃል አልተሳሳትኩም። አንድም ቀን ታክሲ ውስጥ «አንቺ ነሽ እንዴ?» ያለኝ ሰው የለም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

ኤርፖርት። እስካሁን ሰባት ዊልቸር ገፍቻለሁ፤ እግሬ አብጧል። ብሬክ ላይ ነኝ።

ሁለት የኛ ሰዎች፣ ሹፌሮች፣ ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ።

«እሑድ ሞገስን ሰማኸው?»

«እሱን ካልሰማሁ ሳምንቱ አይገባልኝም።»

«አማርኛውን ገደለው'ኮ!»

«ይግደለው። እንግሊዝኛ እኔን ሲገድለኝ ማን አለቀሰልኝ?»

ዞሬ ልስቅ ፈለግሁ። አልዞርኩም።

ታዲዮስ ቴክስት ልኳል። የፋርማሲው ባለቤት ነው፤ የሬዲዮ ኮሚቴው ሊቀመንበርም እሱ ነው። «የቋንቋችን ክብር ጉዳይ ነው። ማይኩን አንቺ ብትይዢው?» ይላል። አልመለስኩለትም።

አላጠፋሁትምም።

እሑድ፣ ኦገስት 10

በጥድፊያ። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ።

ሞገስ አቶ መኳንንት ሞቱ ብሎ ተናገረ። አልሞቱም። ሰው ወደ ቤታቸው እየሄደ ነው። የሚስታቸው ስልክ ዝግ ነው። እኔም ልሄድ ነው።

ሄድፎኔን አውልቄ ነበር። ስልክ ላይ ነበርኩ።

ሰኞ፣ ኦገስት 11

ሺፍቴን ለወጥኩ። ጭንቅላቴ ተሰንጥቋል። በተርታ ልጻፈው።

አቶ መኳንንት ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ኤርፖርት ታክሲ ነድተዋል፤ እድሩን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። እዚህ ከተማ ያለው አበሻ ግማሹ ከአውሮፕላን ሲወርድ ሻንጣውን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። የኔንም። ዓርብ ልባቸው ተከፍቶ ቫልቭ ተቀየረላቸው። ትላንት ስርጭት ላይ እያለን ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምጌጥ ደወሉልኝ። «ዛሬ ከማሽኑ ወጥተው አረፍ ብለዋል። ሰው ስልክ እየደወለ አላስቀምጥ አለኝ፤ እስቲ በሬዲዮ ንገሩልኝ። እኔ ስልኬን ልዘጋ ነው» አሉ።

ወረቀት ላይ ጻፍኩ። የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «አቶ መኳንንት ኦፕሬሽናቸውን በሰላም ጨርሰው አረፍ ብለዋል። ቤተሰቡ ጸሎታችሁን ይጠይቃል።» ትክክል ነው። አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም። በመስታወቱ ሥር አሳለፍኩለት።

ሞገስ ጨዋታው መሀል ነበር፤ ሯጭ በሦስተኛው ማረፊያ ላይ ቆሟል። አንድ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጎ እንዲህ አነበበው፦ «አቶ መኳንንት ኦፕሬሽናቸውን ጨርሰው በሰላም አርፈዋል። ቤተሰቡ ጸሎታችሁን ይጠይቃል።» አፉ የለመደውን ነው ያለው።

ከዚያ ዘፈን ገባ። ከዚያ ሁሉም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። ወዲያው አስተባበልን፤ ግን ያን ጊዜ ማን ሬዲዮ ይሰማል? ሰው ነጠላውን እየፈለገ ነው።

ቤታቸው ስደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ መኪና ብቻ ነው። የእድሩ ወንበር ወርዷል። በሩ ላይ ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ። «አልሞቱም! አልሞቱም!» እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጥኩ። አንዷ አቅፋኝ፣ «አዎ እህቴ፣ እንደሳቸው ያለ አይሞትም» ብላ ከኔ ጋር ታለቅሳለች።

በዚያው ቅጽበት የዓለምጌጥ መኪና ታጠፈ። ልብስ ሊቀይሩ ነበር የመጡት። ሆስፒታሉን ከለቀቁ ሠላሳ ደቂቃ ቢሆን ነው። ወንበሩን አዩ፣ ጥቁሩን አዩ፤ በዚች ሠላሳ ደቂቃ ውስጥ የሆነ መሰላቸው። መሪውን እንደያዙ ጮኹ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። በሩን ከፍቼ ፊታቸውን በሁለት እጄ እስክይዝ ድረስ አላዩኝም።

ስልኩ ላይ ግማሽ ደቂቃ አልቆየሁም። ሄድፎኑ አንገቴ ላይ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

ወሬው ጎንደር ገብቷል። የአቶ መኳንንት እኅት አሉ፣ እማማ አይናዲስ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከዚህ አንዱ ዘመድ በዚያችው እሑድ ደውሎ አርድቷቸዋል። ሲያለቅሱ ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል። እውነቱን እስኪሰሙ አንድ ሌሊት ሙሉ ሙሾ ሲያወርዱ አደሩ።

ሞገስ ይሄን ከኔ ነው የሰማው። በስልክ። «የቀኝ እጅ ነው ወይስ ግራ?» አለኝ።

«ቀኝ።»

«ኦኬ» አለና ዘጋው።

ወርዋሪ ነው። እጅ መሰበር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ታዲዮስ ከረቫት አስሮ መጥቷል። ስለ ቋንቋ፣ ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ክብር ተናገረ። ያለው ሁሉ ውሸት የለበትም።

«ማስታወቂያውን ማን ጻፈው?» ብሎ ጠየቀ።

ሞገስ ቀና ብሎ አላየኝም። «ወረቀት የለም። ማለቴ… ከራሴ ነው የተናገርኩት። የኔ ጥፋት ነው። ሶሪ፣ ማለቴ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ወረቀቱ እኮ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር። ሰማያዊ እስክሪብቶዬ በስሱ ጨርቅ ውስጥ ይታየኛል።

አፌን ከፈትኩ። ታዲዮስ ወደኔ ዞሮ፣ «ከእንግዲህ ስርጉት ታንብብ፤ የሠለጠነች ናት» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አፌን ዘጋሁ።

ወረቀቱ ትክክል ነበር። ትክክለኛ ወረቀት ጽፌ ሰጥቼ ምን ልበል? ሄድፎኑም በአንድ ጆሮዬ ብቻ ነበር።

እሑድ፣ ኦገስት 17

አነበብኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት ማይክ ፊት አልተቀመጥኩም ነበር። ድምፄ እዚያው ጠበቀኝ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ስጨርስ ጀርባዬ ቀና አለ። ደስ አለኝ፤ እዚህ ብዋሽ ለማን ነው? ደስ አለኝ።

የፍልሰታ ጾም መልእክት፣ የአየር ሁኔታ፣ የእድሩ ማስታወቂያ። ጨዋታውን ማን ይተርካል? ማንም። ዘፈን ከፈትኩ።

ሦስት ሰው ደወለ። ሁለቱ፣ «ሞገስ የት ሄደ?» ይላሉ። ሦስተኛው ተሳስቶ ነው፤ ፋርማሲውን ፈልጎ።

እሑድ፣ ኦገስት 24

ታዲዮስ «እንከን የለሽ» ብሎኛል። አንድ አድማጭ ገጻችን ላይ፣ «የአውሮፕላን ማስታወቂያ መሰለኝ፤ ቀበቶዬን አሰርኩ» ብሎ ጽፏል። መቶ አርባ ሰው ስቆለታል።

ለሞገስ ሁለቴ ኮል አደረግሁለት። አላነሳም።

ያን እሑድ ስልክ ላይ አልነበርኩም። የዓለምጌጥ ስልክ ያኔ ተዘግቶ ነበር። ይህን እዚህ ላይ በትክክል ልጻፈው፣ ለነገሩ ያህል።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

ፍሪስኮ ሄድኩ። ቢሮው ጋ ያለ ምግብ ቤት አገኘሁት። ቅዳሜም ይሠራል አሁን። ከስቷል።

«እንደምን ነህ ሞገስ?» አልኩት።

በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። ደህና እንደሆነ፣ ሥራ እንደበዛበት። ሁልጊዜ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ አለው፤ እንደዚያ ሲናገር ግን የማላውቀው ሰው ነው። ጭንብል ያጠለቀ ይመስላል።

«በአማርኛ አናግረኝ እንጂ።»

ራሱን ነቀነቀ። በእንግሊዝኛ፣ አማርኛ አፉ ውስጥ ሲገባ ሰው እንደሚጎዳ ነገረኝ። እንደ ተበላሸ ክንድ ነው አለኝ። ከተበላሸ በኋላ የወረወርከው ኳስ የት እንደሚሄድ አታውቅም፤ ሰው ራስ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ስለዚህ ታቆማለህ። ትከሻውም እንደዚያ ነበር። ሐኪም አልነበረም ያስቆመው። በወረወረው ኳስ አንዱን መቺ ፊቱ ላይ መትቶት ነው በገዛ እጁ ያቆመው።

ይህን አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት በመስታወት ተያይተን።

ልሄድ ስነሳ እንግሊዝኛውን ረሳና፣ «እትዬ ስርጉት፣ እርስዎ አልበላሽም እኮ» አለኝ። ያቺ ዝንጥል አማርኛው! «አልበላሽም» አልኩት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

እንቁጣጣሽ። ሥራ። ውባለምን ኤርፖርት አገኘኋት፤ እንግዳ ልትቀበል መጥታ። ልጇ የመኸሩን ጨዋታ ጀምሯል። «ሄደሽ ታያለሽ?» አልኳት። «እሄዳለሁ፣ መኪና ውስጥ ነኝ» አለች። «ባለፈው ሳምንት አዲስ ሕግ መጣ፤ አልገባኝም። የሚነግረኝ የለማ።»

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

አቶ መኳንንት ጠሩን። ሁለታችንንም። ሞገስ እንደማይቀር አውቄ ነበር፤ እሳቸው ጠርተውት የሚቀር ሰው እዚህ ከተማ የለም። በሱ መኪና ሄድን።

ሳሎን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከስተው ግማሽ ሆነዋል። ሲያስላቸው የሚያቅፉት ትንሽ ትራስ ሆስፒታል ሰጥቷቸዋል፤ እሱን እንደ ሕፃን ይዘውታል። ሞገስ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ።

«ና ቅረብ። ሬሳ አይደለሁም፤ አትፍራ» አሉት።

ተንበረከከ። እግራቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል በትራሱ ራሱን መቱት።

«ተነሣ! እኔን ምን አድርገኸኝ ነው? እኔ እንደሆንኩ አልሞትኩም። ይቅርታ የምትጠይቀው ያለቀሰችውን ነው።» ስልካቸውን አውጥተው ጎንደር ደወሉ።

«አቶ መኳንንት፣ አልችልም» አለ ሞገስ። «በአማርኛ… አልችልም።»

«እሷ እጇን የሰበረችው በእንግሊዝኛ መሰለህ?»

ስልኩ ተነሣ። አቶ መኳንንት ድምፁን ከፍ አድርገው ሞገስ እጅ ላይ አኖሩት።

«ሃሎ?» ይላል ከወዲያ፣ ደረቅ የአሮጊት ድምፅ።

ሞገስ ላቡ በአፍንጫው ይወርዳል። «እማማ አይናዲስ… እኔ… ሞገስ እባላለሁ። እኔ ነኝ ወንድምዎን የገደልኩት።»

ዓለምጌጥ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ገደልከው?» አሉ እማማ አይናዲስ። «ታዲያ አጠገብህ ሆኖ የሚስቀው ማነው?»

አቶ መኳንንት እውነትም ይስቁ ነበር። ትራሱን ደረታቸው ላይ ጨምቀው፣ «ወይኔ ስፌቴ! ወይኔ ስፌቴ!» እያሉ።

ከዚያ ሞገስ ተናገረ። እየወደቀ፣ እየተነሣ፣ አንቺና እርስዎን እያደባለቀ፣ ሁሉንም ነገራቸው። ሬዲዮውን፣ ኳሱን፣ ሯጩን፣ ማረፊያውን። እጃቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቀ፤ ጣታቸውን ማንቀሳቀስ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀ፤ እሱ ትከሻው ሲጠገን ሐኪም ያስለመደውን፣ ጨርቅ በእጅ መጨበጥና መልቀቅ፣ በቀን ሦስቴ እንዲያደርጉት ለመናቸው። እሳቸው እሺ፣ እሺ ይላሉ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የጸጋ። እናቴ… አሁን የለችም። አራት ዓመት ሆነ።»

«አማርኛውን እሷ ናት ያስተማረችህ?»

«አዎ። ከሷ ጋር ብቻ ነበር የምናገረው። ስትሞት ቤት ውስጥ አማርኛ አለቀ። ለዚህ ነው ሬዲዮ የገባሁት። ማለቴ… የማናግረው ሰው ስለሌለ።»

ይህን ለኔ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

እማማ አይናዲስ ቀጠሉ። «ስማኝ ልጄ። መኳንንትን በለው፣ እኔ ለቅሶዬን ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ ቢሞትም አላለቅስለትም፤ ከፍያለሁ። አንተ ግን መናገርህን አትተው። የሚናገር ሰው ይታረማል። ዝም ያለውን ማን ያርመዋል?»

ሞገስ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። እኔ ምንጣፉን አየሁ።

ስንመለስ ሃይዌዩ ላይ፣ ከተጣላን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አናገረኝ። ተጣላን አልኩ? አልተጣላንም እኮ።

«እትዬ ስርጉት፣ ያን ቀን ጆሮዬ ውስጥ የምትናገሪበትን ቁልፍ ተጭነሽው ነበር። በኔ በኩል መብራቱ በራ። ጠበቅኩሽ። ምንም አላልሽም።»

«ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ ለኮሚቴው ለምን አልተናገርክም?»

መንገዱን እያየ ነው የመለሰልኝ። «ቀላቢው ኳስ ሲያመልጠው ወርዋሪው እጁን አያነሣም። ፊቱንም አያጠቁርም። ሰው ሁሉ እያየ እንደዚያ አይደረግም። ሦስት ዓመት የኔን መጥፎ ኳስ ሁሉ ስትቀልቢ ነበር። አንድ አመለጠሽ።»

አላመለጠኝም ልለው ነበር። ቤቴ ደረስን።

ያው፣ አሁንም ቅዳሜ

አልተኛሁም። ልጻፈው።

ሄድፎኑ በሁለቱም ጆሮዬ ላይ ነበር። ስልክ ላይ አልነበርኩም። «በሰላም አርፈዋል» ሲል ጥርት አድርጌ ሰማሁት። እጄ ራሱ ሄዶ ቁልፉን ተጫነ። አንዲት ቃል ነበረች፤ «አረፍ ብለዋል በል» ብዬ ብነግረው ያልቅ ነበር። የታዲዮስ ቴክስት ትዝ አለኝ። ይስሙት አልኩ። ዛሬ እንኳ ይስሙት፤ ማን እንደሆነ ይዩት። ዘፈኑ እስኪገባ ቆጠርኩ። አርባ ሰከንድ።

ሰው የሚጎዳ አልመሰለኝም። ይሄም ሰበብ ነው።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ታዲዮስን ሳላስፈቅድ ሞገስን ይዤው ገባሁ። ጨዋታው ሊጀመር ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ማይኩን ከፈትኩ።

«ስርጉት ነኝ። ኦገስት ዐሥር ቀን ስለ አቶ መኳንንት የተነገረውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሞገስ ሲሳሳት ሰምቻለሁ። ላርመው እችል ነበር፤ ሥራዬም እሱ ነው። ሆን ብዬ ዝም አልኩ። ማይኩን ፈልጌ ነው። ወይዘሮ ዓለምጌጥን፣ እማማ አይናዲስን፣ አቶ መኳንንትን፣ ሞገስን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አሥራ አንድ ዓመት ዜና ሳነብ ድምፄ ተሰብሮ አያውቅም። ዛሬ «ሞገስ» የሚለው ላይ ተሰበረ።

ከዚያ ዝምታ። አየሩ ላይ ምንም የለም። ለሬዲዮ ሰው ከዚያ የከፋ ነገር የለም። ሞገስ መስታወቱ ማዶ አፍጥጦ ያየኛል። አላወቀም ነበር፤ እሱ እኮ አመለጣት ብሎ ነው የሚያውቀው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት። እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፤ ጭኑ ላይ አደረገው፤ እንደገና አነሳው።

ወጥቶ ይሄዳል አልኩ። በሩን ተመለከተ።

ወደ ማይኩ ተጠጋና፣ «ውድ አድማጮቻችን» አለ፤ ድምፁ ሻክሯል። «ሰማችሁ። እኔም አሁን ነው የሰማሁት። ተናድጃለሁ። ግን እዚህ አገር ወረቀት ሳይዝ ይሄን የሚናገር ሰው አላየሁም።» ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። «ጨዋታው ተጀምሯል። የመጀመሪያው መቺ ቆሟል። እናቶች፣ ከመኪና ውጡ።»

ከዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተረከ። ጉሮሮው እስኪዘጋ። አንዴም አላረምኩትም፤ አንዴም አልጠየቀኝም። ሲጨርስ ሰላም ሳይለኝ ሄደ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

ኮሚቴው ወሰነ። ሞገስ ይመለሳል። እኔ እስከ ገና ድረስ ከሬዲዮው እታገዳለሁ፤ ከዚያ ይታያል። ታዲዮስ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም። የላከልኝን ቴክስት እኔ አላነሳሁበትም። የሱ ድርሻ የሱ ነው።

ዓለምጌጥ ደውለው፣ «ተናድጄብሻለሁ፤ እሑድ ግን ምሳ ነይ» አሉኝ። ሥራ ነኝ አልኳቸው። «እንግዲያው የሚቀጥለው» አሉ። እንደዚህ ነው ሰዎቹ።

ሞገስ ቴክስት ላከ። በአማርኛ ፊደል፤ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። «እትዬ። አሁንም ትንሽ ተናድጄ ነው ያለሁት። ሲያልቅ እነግሮታለሁ።» «እነግሮታለሁ» ይላል። አላረምኩትም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28

ኤርፖርት። ተርሚናል ዲ። ብሬክ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ ሳይጠፋብኝ።

አንድ የኛ እናት ገፋሁ፤ ወይዘሮ ጽጌ ይባላሉ። ልጃቸው ጋ ሰንብተው ሊመለሱ ነው። በአንድ ጆሮዬ ሞገስን እየሰማሁ ነበር። አይፈቀድም፤ ቢሆንም።

«ምንድነው የምትሰሚው ልጄ? ብቻሽን ትስቂያለሽ» አሉኝ።

ሁለተኛውን ማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ አደረግሁላቸው። ትንሽ አዳመጡ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ምን እያለ ነው? ማን ነው የሚሮጠው?»

መሳፈሪያው በር ጋ አቆምኳቸውና አስረዳኋቸው። ወርዋሪውን፣ መቺውን፣ አራቱን ማረፊያዎች በጣቴ መዳፋቸው ላይ እየሣልኩ። አንድ ወጣት ሁለተኛው ላይ ቆሟል፤ ወደ ቤቱ፣ ወደ አራተኛው ማረፊያ፣ ለመግባት ሁለት ይቀረዋል። ለካ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ስህተት ስለቅም ጨዋታውም ገብቶኝ ኖሯል። ዛሬ ስንት ቃል እንደተሳሳተ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ሰው የሚናገረውን ነው የሰማሁት።

የአየር መንገዱ ልጅ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ማም፣ መግቢያው ተከፍቷል፤ ቅድሚያ የእርስዎ ነው» አለቻቸው በእንግሊዝኛ። ተረጎምኩላቸው።

በዚያው ቅጽበት ሞገስ ጮኸ። ኳሷ ተመትታለች፤ ልጁ ሮጧል፤ ሦስተኛውን አልፏል።

ወይዘሮ ጽጌ ክንዴን ያዙኝ፤ የአየር መንገዷን ልጅ ደግሞ በሌላ እጃቸው እንደ መዝጊያ ገቱዋት።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ልጁ ይድረስ።»

ጠበቅን፤ ሦስታችንም።